ልዩነቱ ዜሮ ላይ ሲሆን

…አይ፣ አራቱም ይምጡ፣ አራቱም ባንዴ ተሰልፈው ይምጡ እንጂ አንዷ ብቻማ አትበቃኝም፣ አንዷን ብቻ ባሳያቸው ይስቁብኛል፣ ማሽኑ ተሳስቶ ነው ይሉኛል፣ አራት ሲሆኑ ግን አፍ ያስይዛሉ፣ ይኼን ያስተማረችኝ ራሷ ናት፣ የባሌ እህት፣ የዚህ ፎቶ ቤት ባለቤት፣ ማዳም። ማዳም የምላት በሆዴ ነው። በአፌማ እትዬ ነች፣ እትዬ ወረቀት አልቋል፣ እትዬ ደንበኛ መጥቷል፣ እትዬ ልጅቷ ገና እንቅልፍ ሊወስዳት ነው ትንሽ ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ። ድምፅ ቀነስ! እሷ?

ስክሪኑ ላይ ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች። ቶሎ በይ።

ልጄ ትተነፍሳለች? ከጠረጴዛው ሥር የወረቀት ካርቶን ውስጥ አስተኝቻታለሁ፣ ከሥሯ የእኔን ሹራብ፣ ከላይዋ ነጠላዬን፣ ጎንበስ ብዬ እጄን አፍንጫዋ ሥር አደርጋለሁ፣ ሞቅ ያለ ነገር ጣቴን ይነካኛል፣ ተመስገን፣ ትተነፍሳለች። የቀለሙ ሽታ ለሕፃን ሳንባ ጥሩ አይደለም ያለችኝ ጎረቤቴ ናት፣ እና የት ላድርጋት፣ ለማን ልስጣት፣ በሩን ብከፍት ብርድ፣ ብዘጋ ሽታ፣ እከፍታለሁ እዘጋለሁ፣ ቀኔ እንደዚህ ነው የሚያልቀው።

ማዳም የለችም። የፋብሪካ ሠራተኞችን ለመታወቂያ ልታነሳ ካሜራዋን ይዛ ወጥታለች። ከመመለሷ በፊት እናትየው ይመጣሉ፣ አማቴ፣ ባሌም አብሯቸው ይመጣል፣ ፍሬሙን ሊሸከም። የሟቹን የባሌን አባት ፎቶ ልናሳድግ ተቀብለን ነበር፣ ከአሮጌ ጉርድ ላይ፣ ፊታቸው የታጠፈበትን መስመር ማዳም በማሽን አጥፍታ፣ ኮታቸውን አጥቁራ፣ አሁን ያው ግድግዳውን ተደግፈው ያዩኛል። ባለ መስተዋት። ጋሼ እርስዎ ይቅር ይበሉኝ፣ ከእርስዎ ጋር ጠብ የለኝም። ሳላውቅዎት ነው የሞቱት። ፊትዎን ለትንሽ ነገር ፈልጌው ነው።

ያን ዕለት ግን። ያን እሑድ። አሁን ሳስበው እንኳ ጆሮዬ ይግላል። አማቴ ቤት ምሳ በልተን፣ ሳህኑን እኔ አጥቤ፣ እጄን በቀሚሴ እየጠረግሁ ስገባ ቴሌቪዥኑ ላይ የእኔ ፊት አለ። ከጎኔ የባሌ ፊት። የሠርጋችን ፎቶ ተቆርጦ። ምንድነው እትዬ፣ ብላት፣ ነይ ነይ ቁጭ በይ፣ ለቀልድ ነው፣ ኤአይ ይባላል፣ ከእናንተ ከሁለታችሁ የሚወለደው ልጅ ምን እንደሚመስል ይሥልልናል፣ አለችኝ። ተወልዳ የለ እንዴ፣ አልኩ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ሞኟ፣ ልጄን ታቅፌ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ።

ከዚያ አራት ሕፃናት መጡ።

ቀያይ። ጆሯቸው ልጥፍ ያለ፣ ፀጉራቸው ሉጫ፣ አፍንጫቸው ቀጥ ያለች፣ አራቱም አንድ ዓይነት፣ አንዷ ወደ ቀኝ ዞር ከማለቷ፣ አንዷ ፈገግ ከማለቷ በስተቀር ከአንድ ሆድ ባንዴ የወጡ። የእኔ ልጅ ደግሞ እቅፌ ውስጥ፣ ጠይም፣ ግንባሯ ሰፊ፣ ጆሮዎቿ የሻይ ስኒ እጀታ መስለው ግራና ቀኝ የቆሙ።  ከቴሌቪዥኑ ወደ እቅፌ፣ ከእቅፌ ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ዓይናቸው ሲመላለስ ድምፁ የሚሰማኝ መሰለኝ። መናገር የጀመሩት አማቴ ናቸው። አንዷ ብትሆን እሺ፣ አሉ፣ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ፣ አንዷ ብትሆን ስህተት ነው እላለሁ፣ አራቱም? አራት ምስክር?

ማዳም ደግሞ፣ ኧረ እማዬ ተይ፣ ቀልድ ነው አልኩሽ እኮ፣ እያለች ስትስቅ አየኋት። ጥርሷን አየሁት። ከዚያ ወዲህ ያ ጥርስ ከፊቴ ጠፍቶ አያውቅም፣ ልጄን ሳጠባ አለ፣ አልጋ ሳነጥፍ አለ፣ ሽንት ቤት አለ።

ባሌ ምን አለ? ምንም። ያ ነው እኮ። ምንም አላለም። በመንገድ ላይ ምነው ዝም አልክ ስለው፣ እኔ ምን አልኩ፣ አለኝ። ቤት ገብተን ስጠይቀው፣ እኔ ምን አልኩ። አንድ ነገር ቢል ይሻለኝ ነበር፣ ቢሰድበኝ እሰድበው ነበር፣ ቢጠይቀኝ እምል ነበር፣ እሱ ግን ከሥራ ሲመጣ ልጁን ብድግ አድርጎ ጣራ የሚያስነካት ሰውዬ፣ እስክትጮህ የሚያስቃት፣ አሁን ደክሞኛል ይላል። እጄ ቆሽሿል ይላል። ታጥቦም ቆሽሿል። አንድ ጠዋት መስተዋት ፊት ቆሞ የራሱን ጆሮ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደፊት ሲጎትት አየሁት፣ እንደ እሷ ይቆም እንደሆነ ሊያይ። ባላየ አለፍኩት። ልቤ ግን አላለፈውም።

የአባቴ ጆሮ ነው! ስንቴ ልናገር! የአባቴ ጆሮ ነው፣ የአባቴ ግንባር ነው፣ አባቴ በጠራራ ፀሐይ ድንጋይ ሲጠርብ ጆሮው ፀሐይ እያሳለፈ ቀይ ይበራ ነበር፣ ልጅ ሆኜ ከኋላው ተቀምጬ መብራት ጆሮ እለው ነበር። ግን አባቴ ፎቶ የለውም። አንድም። ሲሞት ያለው ነገር ሁሉ ተከፋፍሎ ያለቀ ሰው ነው፣ ፎቶ ማን ሊያነሳው፣ እና እኔ አሁን ቀኑን ሙሉ የሰው ፊት በመቀስ የምቆርጥ፣ የሰው አባት መስተዋት ውስጥ የማስገባ ሴት፣ የራሴን አባት የማሳይበት አንድ ጉርድ ወረቀት የለኝም። ማሽኑም አላየው። ያላየውን ከየት ያምጣው። ይኼን ለአማቴ ብነግራቸው፣ አዬ አንቺ፣ የሞተ ሰው ምን ይናገራል፣ አሉኝ። አሁን የእሳቸው የሞተ ሰው ይናገራል። ቆይ።

አንድ ነገር ተወዛወዘ፣ ልጄ ነቃች? አይ፣ እግሯን ነው። ካልሲዋን ጥላዋለች። አለብሳታለሁ፣ እግሯ ቀዝቅዟል፣ በሁለት መዳፌ ይዤ እተነፍስበታለሁ፣ የእኔ መብራት ጆሮ፣ ተኚ፣ እናትሽ ሥራ ላይ ናት።

እኔ ምን አውቃለሁ። አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ የደንበኛ ስም ሳነብ ጣቴን ከፊደሉ ሥር አስኬዳለሁ፣ ማዳም በደንበኛ ፊት ጣቷን አንስታ እኔን እያስመሰለች ትስቃለች። ስለ ኤአይ ማን ይነግረኛል። ግን ጆሮ አለኝ፣ ቀኑን ሙሉ ከጎኗ ቆሜ ወረቀት እቆርጣለሁ፣ ለደንበኛ ስታስረዳ እሰማለሁ። ባለሳሎኗ መጣች አንድ ቀን፣ ለበሯ የሚሆን ፀጉራቸው የተሠራ የሴቶች ሥዕል ብላ፣ አራት ሴቶች አወጣችላት፣ ባለሳሎኗ ወገቧን ይዛ፣ ምነው እናቴ፣ እኔ አንድ ቤተሰብ ብቻ ነው እንዴ የምሠራው፣ አራቱም እህትማማች ናቸው እኮ፣ አለቻት። ማዳም ሳቀች። ቆይ ልዩነቱን ላንሳልሽ፣ ብላ ከታች ያለችውን መስመር፣ ሦስተኛዋን፣ ነጥቧን በማውሱ ይዛ ወደ ቀኝ ጎተተቻት። ይኸውልሽ፣ ይቺ የልዩነት ናት፣ አለቻት፣ ዜሮ ላይ ካስቀመጥኳት አራቱም መንታ ናቸው፣ መቶ ላይ ካስቀመጥኳት አራቱም መንገድ ላይ ቢገናኙ ሰላም አይባባሉም። ባለሳሎኗ እስክታለቅስ ሳቀች። እውነትም ሲወጡ አንዷ ወፍራም፣ አንዷ ቀጭን፣ አንዷ ሽበታም፣ አንዷ ጭራሽ ወንድ ወንድ የምትል። ይቺኛዋን አውጪልኝ፣ ይቺ ገንዘብ ያላት አትመስልም፣ አለች ባለሳሎኗ።

እኔ አልሳቅሁም። መቀሱ እጄ ላይ ቆመ። ዜሮ ላይ መንታ። አልኩ በሆዴ። ዜሮ ላይ መንታ፣ ዜሮ ላይ መንታ።

ማታ ልትዘጋ ስትል ወለሉን ልጠርግ ቀረሁ። አሮጌ ሥዕሎቿን ማሽኑ ያስቀምጣቸዋል፣ ወደ ታች እየሄዱ መፈለግ ነው፣ ኬክ፣ ጫማ፣ ቪላ ቤት፣ ሴቶች፣ ከዚያ እነሱ። አራቱ ቀያይ። ነካኋቸው፣ ከጎናቸው ማዳም ማሽኑን ያዘዘችበት ጽሑፍ ወጣ፣ የፈረንጅ ፊደል ነው አላነበብኩትም፣ መስመሮቹ ወጡ፣ ሦስተኛዋ ላይ ነጥቧ ግራ ጥግ ተለጥፋለች። ከጎኗ ክብ። ዜሮ። ዜሮ ለማንበብ ትምህርት ቤት አያስፈልግም።

አውቃ ነው። እያወቀች ነው። አራት ምስክር አይደለም ያመጣችብኝ፣ አንድ ምስክር አራት ጊዜ ነው ያስጮኸችብኝ። መጥረጊያውን አስደግፌ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ምን አድርጌያት ነው? ወንድሟ ጓደኛዋን ሳይሆን እኔን ስላገባ? በዳንቴል ጓንት የምትሄደዋን፣ ሁለት ቋንቋ የምትናገረዋን ጓደኛዋን አልፎ የድንጋይ ጠራቢ ልጅ ስላመጣ? ታዲያ እኔን አትመታኝም ነበር። ገና አፍ ያልፈታችውን ልጅ ነው የመታችው፣ መልስ የማትሰጣትን።

ነጥቧን ወደ ቀኝ ጎተትኳት። መቶ። ያው የእኔና የባሌ ፊት፣ ያው ቃል፣ ነጥቧ ብቻ። ክቧ ዞረች ዞረች፣ አራት ልጆች መጡ፣ አንዷ ጥቁር ዓይኗ ትልልቅ፣ አንዷ ቀይ፣ አንዷ ጠጉሯ ከርዳዳ፣ አራተኛዋ። አራተኛዋ ጆሮ ነበራት። የቆመ። ልጄን አልመሰለችም፣ አገጯ ሌላ ነው፣ ግን ጆሮዋ። እንባዬ መጣ። ላትማት ነበር፣ ጣቴ ማተሚያው ላይ ነበር፣ አትሜ እየሮጥኩ ሄጄ አማቴ ጉልበት ላይ ልጥላት፣ ይኸው በሉ ልል። ከዚያ አሰብኩት። ምን ብዬ ነው የምለምነው? ልጄ የአባቷ ልጅ እንድትሆን ማሽን ይመስክርላት? ዛሬ ጆሮ የሰጠኝ ነገ ይነሳኛል። ደግሞስ ማዳም ምን ትላለች፣ ከመቶ አንድ አገኘሽ፣ ብላ ትስቃለች፣ ያንን ጥርስ እያሳየች። አጠፋኋት። ባለጆሮዋን አጠፋኋት። ልመና አልፈልግም።

የምፈልገው ሌላ ነው። ራሷ እንድትናገር። በራሷ አፍ፣ በእናቷ ፊት፣ በወንድሟ ፊት፣ ማንም ሳይገፋት፣ ሮጣ።

መጡ!

ክቧ ጠፋች፣ አራት ሕፃናት ስክሪኑ ላይ ተሰለፉ። አንድም ቃል አልነካሁም፣ ያንኑ የእሷን ቃል ነው ደግሜ የተጫንኩት፣ የእኔን ፊት አውጥቼ ማዳም ማሽኑ ውስጥ ያስቀመጠችውን የአማቴን የልጅነት ፎቶ አስገባሁ፣ የባሌን አውጥቼ የጋሼን አስገባሁ፣ ልዩነቷን ዜሮ ላይ እንዳለች ተውኳት። ከእነዚህ ከሁለቱ የምትወለድ ልጅ። እስቲ ልያችሁ። ቀጫጭን። አፋቸው ጠባብ፣ ዓይናቸው ወደ ላይ የተሳበ፣ ቅንድባቸው የተያያዘ። ከራሴ በላይ ግድግዳው ላይ ደግሞ ማዳም በሕፃንነቷ፣ በነጭ ቀሚስ፣ ጉንጯ ዳቦ፣ አፏ ሰፊ፣ ዓይኗ ክብ፣ ለደንበኛ ሁሉ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ፎቶ ይወደኛል የምትልበት። አያለሁ ወደ ላይ፣ አያለሁ ወደ ታች። አልመሰለቻቸውም። አንድም! ከዚህ በላይ ልመኝ አልችልም። ሳቄ መጣ፣ አፌን በመዳፌ ያዝኩት፣ ልጅቷ እንዳትነቃ።

ማተሚያው ያጓራል። ትልቁ ወረቀት ላይ። ቀለሙ ሳይደርቅ አውጥቼ ከጋሼ ፍሬም ጎን አቆመዋለሁ፣ ልክ ከግድግዳው የማዳም ፎቶ ሥር እንዲውል ትንሽ ወደ ግራ።  ቢያባርሩኝስ? ልጄን ይዤ የት እሄዳለሁ? ባሌ እናቴን ሰደብሽ ብሎ እጁን ቢያነሳስ? ይቅር ልቅደደው። ቅደጂው። ጣቴ ጫፉን ይይዛል፣ ከዚያ ያንን እሑድ አስባለሁ፣ ሳህን አጥቤ ስገባ፣ እጄ ርጥብ ሆኖ። አልቀደውም።

በሩ። አማቴ ናቸው፣ ከኋላቸው ባሌ። እንደምን ዋልሽ፣ ይሉኛል፣ ከእሑዱ ወዲህ ልጄ አይሉኝም፣ እንደምን ዋልሽ ብቻ። ደህና እማማ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ። ባሌ ወደ ካርቶኑ አየት አድርጎ ወደ ሌላ ያያል። አማቴ ፍሬሙን አይተው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፣ ውይ ጌታዬ፣ አሉ፣ ውይ የእኔ ጌታ፣ ልክ እንደዚያን ጊዜው። አዘንኩላቸው። አንዲት ትንፋሽ ያህል አዘንኩላቸው። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ጎን ሄደ።

እነዚህ ደግሞ የማን ልጆች ናቸው?

የእርስዎ ናቸው እማማ።

የእኔ?

የእርስዎና የጋሼ። ኤአይ ነው። ከሁለታችሁ የሚወለደው ልጅ ምን እንደሚመስል ይሥላል።

ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ ራቅ አደረጉት፣ ቀና አሉ፣ ግድግዳው ላይ የልጃቸው ፎቶ፣ ጎንበስ አሉ፣ አራቱ፣ ቀና፣ ጎንበስ። ያንን መመላለስ አውቀዋለሁ። ፊታቸው ቀስ እያለ አመድ መሰለ። ማንን ነው የሚመስሉት እነዚህ? አሉ። እኔ እንጃ እማማ። እኔ አልወለድኩም እንደዚህ ያለ! ይኼ ዕቃ እኔን ምን እያለኝ ነው? ባሌ፣ እማዬ ተረጋጊ፣ አለ፣ ግን እሱም ያያል፣ ቀና ጎንበስ፣ ራሱን መያዝ አቃተው፣ እናትየው ሲያይ ያዙት። አንተ! እኔን ነው እንደዚህ የምታየኝ? በአባትህ ፊት? እዚህ ቆመው እያዩህ? እማዬ እኔ ምን አልኩ፣ አለ።

ምን አልኩ! ሰማሽው? ለእናቱም ያቺኑ ነው ያለው።

እማማ፣ አልኩ፣ አንዷ ብትሆን ስህተት ነው እንላለን። አራት ናቸው እኮ።

ዞረው አዩኝ።  እሳቸው ያውቃሉ፣ ከማን እንደወለዱ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም፣ እነዚያ አራት ውሸታሞች መሆናቸውን በገዛ ሆዳቸው ያውቁታል፣ እኔም የማውቀው እንደዚያ ነበር፣ በገዛ ሆዴ፣ ማንም ሳይሰማኝ።  

ምን ተፈጠረ፣ ምን ሆናችሁ ነው? ማዳም። ካሜራዋን በትከሻዋ፣ ፀሐይ መትቷት ቀልታ። ማን ነው ይኼን ያተመው? ወረቀቱን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ እኔን አየች። እኔ ነኝ እትዬ፣ አልኳት። ለቀልድ ነው።

ቀልድ! አሉ እናትየው፣ ልጄ፣ አባትሽ አይደሉም እያለኝ ነው፣ በወንድምሽ ፊት፣ በዚህ ዕድሜዬ! እማዬ ኧረ ተይ፣ አለች ማዳም፣ ይኼ ምን ይታመናል፣ ማሽን እኮ ነው። አራት ናቸው! አሉ እናትየው። ቢሆኑስ፣ አራት አይደሉም እኮ፣ አልገባሽም፣ ካሜራዋን ወርውራ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ ማውሱን ያዘች፣ ይኸው ነይ እዪ፣ ይቺ የልዩነት ናት፣ ዜሮ ላይ ስትሆን አንዱን ነው አራት ጊዜ የሚያወጣልሽ፣ እሱ ከሳተ አራቱም ሳቱ ማለት ነው፣ እንዲመሳሰሉ አድርጎ ያዘዘው ሰው ነው፣ መቶ ላይ ብታደርጊያት ደግሞ…

እዚህ ላይ ማውሱን ለቀቀች። 

ባሌ ነው የጠየቃት፣ ያ ምንም የማይለው ሰውዬ። ያን ዕለትስ ስንት ላይ ነበረች?

የቱን ዕለት?

መልሺለት፣ አሉ አማቴ።

ዜሮ፣ አለች። ወለሉን እያየች፣ በትንሽ ድምፅ፣ ለካ ድምፅዋ ይቀንሳል። ዜሮ ላይ ነበረች። ለቀልድ ነበር።

ጥርሷን ፈለግሁት። የለም።

አሁን ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ብሎኛልም፣ አልዋሽም፣ እንደ ቀዝቃዛ ውኃ እስከ ጣቴ ድረስ ወርዶልኛል፣ አማቴ ወንበር ላይ ተቀምጠው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፣ ማዳም ወረቀቱን አራት ቦታ እየቀደደችው ነው፣ ቅደጂው፣ ማሽኑ ውስጥ አለ። ካርቶኑ ተንኮሻኮሸ። ጎንበስ ብዬ ልጄን አነሳኋት፣ ሞቃለች፣ ጉንጯ ላይ የሹራቤ መስመር ታትሟል። ባሌ ሁለት እርምጃ መጣ። እጆቹን ዘረጋ፣ ሁለቱንም፣ እንደ ድሮው፣ ጣራ ሊያስነካት። ዓይኑ ቀልቷል። ስጪኝ እስቲ፣ አለኝ፣ እስቲ ልያዛት።

እጁን አየዋለሁ። ንጹሕ ነው።

ልጄን ወደ ሌላኛው ትከሻዬ አዛውራታለሁ፣ እሷ በአንገቴ ላይ ቀና ብላ ዓይኖቿን ፍጥጥ አድርጋ ሁሉንም ተራ በተራ ታያለች፣ አባቷን፣ አያቷን፣ አክስቷን፣ ግድግዳው ላይ ያሉትን ሽማግሌ፣ ከበሩ በሚገባው ፀሐይ ጆሮዋ ቀይ በርቷል፣ ሁሉም ያዩታል፣ ማንም አላየሁም አይልም።

ተኝታለች፣ እለዋለሁ።